ድምፅ እንስጥ ወይስ እንግባባ? ለእድር፣ ለብሎክና ለኮሚኒቲ ስብሰባ የውሳኔ መንገድ መምረጫ

የብሎካችን የውሃ ፓምፕ ለሰባት ወር ጥበቃው ክፍል ውስጥ በፕላስቲክ እንደተጠቀለለ ቆየ። ተገዝቷል፣ ደረሰኙም አለ። ውሳኔው ቃለ ጉባኤው ላይ በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል፦ 19 ድጋፍ፣ 8 ተቃውሞ፣ 3 ድምፀ ተዓቅቦ። ምንም እንከን አይወጣለትም። ግን ስምንቱ ተቃዋሚዎች ግራውንድና አንደኛ ፎቅ የሚኖሩ ናቸው። ውሃ ያለ ፓምፕም ይደርሳቸዋል። "እጄን ሳላወጣ ብር አውጣ ትሉኛላችሁ?" አለ አንዱ። ሌሎቹም ተከተሉት። ለማስገጠሚያ የታሰበው ብር ጎደለ። በቃ፣ ፓምፑ ተቀመጠ።

በሁለተኛው ስብሰባ ሰብሳቢያችን ጥያቄውን ቀየሩት። "ማን ይደግፋል?" ማለቱን ትተው "ይህ ነገር ማንን ይጎዳል?" አሉ። ጸጥ አለ። ቆይቶ ግራውንድ የሚኖሩ አንድ እናት ተነሡ። ለካ ፓምፑ ሊተከል የታሰበው መኝታ ቤታቸው መስኮት ሥር ነው። ሌሊቱን ሲጮህባቸው ሊያድር! ከሦስቱ ድምፀ ተዓቅቦዎች አንዷ እሳቸው ነበሩ። በኋላ "እትዬ፣ ያኔ ምነው ዝም አሉ?" ብላቸው "ማን ጠየቀኝ ልጄ? እጅ አውጡ ነው ያላችሁት" አሉኝ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ፓምፑ ወደ ኋላ አጥር ተዛወረ። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ እንዳይሠራ ተባለ። የግራውንድ ነዋሪዎች ግማሽ እንዲከፍሉ ተስማማን። በሳምንቱ ውሃ አራተኛ ፎቅ ወጣ።

ይህን ያነበበ ሰው "እንግዲህ ሁሉም ነገር በመግባባት ይወሰን" ሊል ይችላል። አይቸኩል። በዚያው ዓመት እድራችን ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ይገዛ ወይስ የብረት በሚለው ጉዳይ፣ በመግባባት ስም፣ አራት ስብሰባ ተቀምጠናል። አራት! በመሀል ሁለት ለቅሶ በኪራይ ወንበር አለፈ።

ጥያቄው የትኛው መንገድ ጥሩ ነው የሚል አይደለም። የትኛው ጉዳይ በየትኛው መንገድ ይወሰን ነው።

መጀመሪያ መመዘኛው

ከሁሉ በፊት መተዳደሪያ ደንባችሁን አውጡና አንብቡ። አንዳንዱ ነገር ምርጫ የለውም። የኮንዶሚኒየም ማኅበር ከሆናችሁ የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 አለ። የኅብረት ሥራ ማኅበር ከሆናችሁ የድርሻው ብዛት ምንም ይሁን አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው። ምልዓተ ጉባኤ ስንት እንደሆነም ደንቡ ላይ ተጽፏል። ከዚያ የተረፈውን ነው የምንመርጠው።

እኔ አምስት ነገር እጠይቃለሁ።

ውሳኔውን የሚፈጽመው ማነው? ይህ ከሁሉ ይበልጥብኛል። ገንዘብ ያዡ ከባንክ አውጥቶ የሚጨርሰው ነገርና እያንዳንዱ ቤት ከኪሱ ወይም ከጉልበቱ የሚያዋጣበት ነገር አንድ አይደሉም። የኋለኛው ላይ የተሸነፈ ሰው መቃወሚያ አያጣም፤ አለመክፈል ብቻ ይበቃዋል።

ሁለተኛ፣ ከተሳሳትን መመለስ ይቻላል ወይ? የስብሰባ ቀን ከእሑድ ወደ ቅዳሜ ቢዛወር በወሩ ይመለሳል። የጋራ ግቢውን አስፋልት ካደረጋችሁ ግን ዛፉ አይመለስም።

ሦስተኛ፣ ዝምተኛው ሰው ይሰማል ወይ? በእኛ አገር ይሉኝታ የሚባል ትልቅ ጉዳይ አለ። ታላቅ ከተናገረ በኋላ ታናሽ አይናገርም። ተከራይ አከራዩ ፊት አይናገርም። ብድር ያለበት ገንዘብ ያዡን አይሞግትም። ዝም ያለው ሁሉ ተስማማ ማለት አይደለም፤ ደረጃው ላይ ሲወርድ ነው የሚናገረው።

አራተኛ፣ አንድ ሰው ብቻውን ሁሉን ማገድ ይችላል ወይ? አምስተኛ፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ሰዓት ደግሞ ብር ነው። አዳራሽ በሰዓት ለሚከራይ ውጭ አገር ላለ ኮሚኒቲ በጣም ብር ነው።

እጅ ማውጣት

ፈጣን ነው። ሁሉም ያውቀዋል። ቃለ ጉባኤ ለመያዝ አይከብድም። መመለስ ለሚቻልና ከጋራ ካዝና ለሚፈጸም ነገር ከዚህ የተሻለ የለም። ወንበሩን በዚህ ብንወስን ኖሮ በአሥር ደቂቃ ያልቅ ነበር።

ጉድለቱ ፓምፑ ላይ ታይቷል። እጅ ማውጣት ስንት ሰው እንደሚቃወም ይነግራችኋል፣ ለምን እንደሚቃወም ግን አይነግራችሁም። ሌላም አለ። እጅ ሲወጣ ሰው ዙሪያውን ያያል። የመጀመሪያዎቹ አምስት እጆች የማን እንደሆኑ ካያችሁ የቀረውን መገመት ትችላላችሁ።

ለሰው ምርጫ ከሆነ ወረቀት ይሁን። ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ ፊት ለፊት እጅ እያወጡ መምረጥ ጎረቤት ማጣላት ነው። የቴሌግራም ፖልም እንደ እጅ ማውጣት ነው፣ ያውም ከአንድ ቤት ሦስት ስልክ እየመረጠ። ለስብሰባ ሰዓት መምረጫ ይበቃል፣ ለብር ጉዳይ ግን አላምነውም።

ሁለት ሦስተኛ

ከባድ ውሳኔ በጠባብ ልዩነት እንዳያልፍ የሚደረግ አጥር ነው። ደንብ ለማሻሻል፣ አባል ለማሰናበት፣ መዋጮ ለመጨመር ይሆናል። ሕገ መንግሥታችንም እንዲህ ያደርጋል። አንቀጽ 105 ምዕራፍ ሦስት ላይ ያሉትን መብቶች ለማሻሻል ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ፣ የሕዝብ ተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ እንዲያጸድቁ ይጠይቃል። ጉዳዩ በከበደ ቁጥር በሩ ይጠባል።

አንድ ነገር ብቻ አስተውሉ፦ የማን ሁለት ሦስተኛ? 60 አባል ካላችሁና 32 ከመጣ፣ የተገኙት ሁለት ሦስተኛ 22 ነው። የጠቅላላ አባላት ሁለት ሦስተኛ ግን 40 ነው፤ የመጣው ሁሉ ቢስማማ እንኳ አይሞላም። ደንባችሁ ይህን ካልለየ ጠበኛው ሰው አንድ ቀን ይለይላችኋል።

ሙሉ ድምፅ

"ሁሉም እሺ ካላለ አይሆንም" የሚለው ነው። ብዙ ሰው መግባባት ሲባል ይህን ያስባል፤ ግን ሁለቱ ይለያያሉ። የሙሉ ድምፅ መጥፎ ምሳሌ ፖላንድ ናት። በድሮው ፓርላማቸው አንድ እንደራሴ ብቻውን ተነሥቶ "አልፈቅድም" ካለ ጉባኤው ይበተን ነበር። በ1652 እ.ኤ.አ. አንድ ሰው እንዲህ አድርጎ በተነው፣ ከዚያም ልማድ ሆነ። የጎረቤት ነገሥታት አንድ እንደራሴ በጉቦ መያዝ ብቻ ይበቃቸው ነበር። በ1791 ሕገ መንግሥታቸው ሲሽሩት አገሪቱ ተከፋፍላ ከካርታ ለመጥፋት ጥቂት ዓመት ነበር የቀራት።

ለሦስት ሸሪክ ይሠራል። ለብሎክ አይሆንም።

መግባባት

እዚህ ላይ ረጋ እንበል፣ ብዙ የሚምታታው እዚህ ነው።

መግባባት ማለት ሁሉም ሰው ነገሩን ወደደው ማለት አይደለም። የተነሣው ቅሬታ ሁሉ ተሰምቶ መልስ አግኝቷል፣ የቀረውም ሰው "ባልወደውም አብሬ እሄዳለሁ" ብሏል ማለት ነው። ይህን በደንብ ያሰቡበት የኢንተርኔትን አሠራር ደንብ የሚያወጡት መሐንዲሶች ናቸው። አይኢቲኤፍ የሚባለው ጉባኤያቸው ድምፅ አይሰጥም። በቆየው ልማዳቸው ሰብሳቢው የአዳራሹን ስሜት ማወቅ ሲፈልግ "ይህን የምትደግፉ እምም በሉ" ይላል። አዳራሹ በአፍንጫው ያጉረመርማል። ከዚያ ተቃዋሚዎቹ ያጉረመርማሉ። ማን እንዳለ አይታወቅም፣ ቁጥርም አይያዝም። መጀመሪያ ስሰማ ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ግን ይሉኝታን እንዴት አድርጎ እንደሚያመልጥ አስቡት።

እነዚሁ ሰዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ማብራሪያ ላይ እንዲህ የሚል ሐሳብ አለ፦ መቶ ሰው ደግፎ አምስት ቢቃወም መግባባት ላይሆን ይችላል። የአምስቱ ጥያቄ መልስ ካላገኘ አልተግባባንም። በተቃራኒው አምስት ደግፎ መቶ ቢቃወምም፣ የመቶው ተቃውሞ ተመርምሮ ሁሉም መልስ ካገኘ መግባባት ሊሆን ይችላል። የሚቆጠረው ምክንያቱ ነው፣ ሰው አይደለም። ፓምፑ ላይ የእትዬ መስኮት አንድ ድምፅ ነበረ። ምክንያቱ ግን ከአሥራ ዘጠኙ ይከብድ ነበር።

የማኅበረሰብ የኢንተርኔት መረብ ያላቸው ሰዎች ዘንድም ነገሩ ከዚህ አይርቅም። በስፔን ካታሎኒያ በ2004 እ.ኤ.አ. ገጠር ውስጥ የተጀመረውን ጊፊ ኔትን ውሰዱ። አባላቱ አንቴናውን ራሳቸው ገዝተው ከራሳቸው ጣሪያ ላይ ሰቅለው ነው መረቡ የተዘረጋው። እንዲህ ባለ መረብ ውስጥ ጎረቤትህን በድምፅ ብልጫ ብታሸንፈው ምን ይጠቅምሃል? ሶኬቱን ይነቅላል። እድርም፣ ብሎክም፣ መዋጮም እንደዚሁ ነው።

ለእኛም አዲስ ነገር አይደለም። የቦረና ጉሚ ጋዮ በየስምንት ዓመቱ ተሰብስቦ ሕግ ሲመክር ነገር ተብላልቶ ተብላልቶ ነው የሚቋጨው፤ እጅ አይቆጠርም። ቀናት ይፈጃል። የሽምግልናው ባህላችንም ያው ነው።

እንግዲህ ድክመቱ። አንደኛ ሰዓት ይበላል። ሁለተኛ፣ የደከመው ሰው ይሸነፋል። ልጅ ያላት ሴት ለመሄድ ስትነሣ ሥራ የሌለው ተከራካሪ ይቀመጣል፣ ውሳኔውም የእሱ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ሁኔታው እንዳለ ይቀጥል የሚለው ወገን ሁልጊዜ ይጠቀማል። ምንም አለመወሰንም ውሳኔ ነውና። የዓለም ንግድ ድርጅትን እዩት። ስብሰባው ላይ የተገኘ አባል በይፋ ካልተቃወመ ተግባብተናል ይላል ደንባቸው። በ2001 እ.ኤ.አ. የጀመሩት የዶሃ የንግድ ድርድር ግን እንደታሰበው ሳይቋጭ ቀረ።

በዚያ ደንብ ላይ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። "ካልተቃወመ ተስማምቷል" የሚለው ለዲፕሎማት ነው። ደመወዝ የሚከፈለው እንዲቃወም ነው። ለእኛ ዓይነቱ ስብሰባ ዝምታን እንደ እሺ መቁጠር ፓምፑን ጥበቃ ክፍል መመለስ ነው።

"ለሙከራ ይለፍ"

ይህ የመግባባት ታናሽ ወንድም ነው። በሆላንድ ገራርድ ኤንደንቡርግ የተባለ መሐንዲስ በ1970ዎቹ የቤተሰቡ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ውስጥ ሥርዓት አድርጎ ሠራበት። ጥያቄው "ትስማማለህ?" አይደለም። "ይህ ነገር ሥራችንን የሚጎዳበት ምክንያት አለህ?" ነው። "አልወደድኩትም" ምክንያት አይሆንም። "ገመዱ የልጆች መጫወቻ ላይ ያልፋል" ምክንያት ነው። ምክንያት የለም ከተባለ ለሦስት ወር ይሞከርና ይታያል።

የእኔ ምርጫ ይህ ነው፣ አልደብቅም። ከአሥር ጉዳይ ሰባቱ ሊሞከር የሚችል ነው። ሰው ደግሞ "ለዘላለም" ሲባል ይፈራል፣ "እስከ ጥር" ሲባል ይለቃል።

ኮሚቴና ዕጣ

ኮሚቴ ለአስቸኳይ ነገር ነው። ቧንቧ ሲፈነዳ ስብሰባ አይጠራም። ጣሪያ ብቻ ይኑረው፦ እስከዚህ ብር ድረስ ኮሚቴው፣ ከዚያ በላይ ጉባኤው። ጣሪያ የሌለው ኮሚቴ ውሎ አድሮ ሐሜት ይወልዳል፣ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ።

ዕጣ ደግሞ ሁሉም አማራጭ እኩል ሲሆን ነው። የመኪና ማቆሚያ ቦታ፣ ተራ፣ የስቶር ቁጥር። እቁብ የኖረው በዚህ ነው። የኮንዶሚኒየሙ ቤት ራሱ በዕጣ አይደል የደረሰው? ክርክር አይወድም፣ ቂምም አያስቀርም።

በአጭሩ ሲታይ

| መንገዱ | ጊዜ | የተሸነፈው አብሮ ይሠራል? | ዝምተኛው ይሰማል? | አንድ ሰው ያግዳል? | የሚሻልበት |
|---|---|---|---|---|---|
| እጅ ማውጣት | ደቂቃዎች | አጠራጣሪ | አይሰማም | አያግድም | ቀላልና ከካዝና የሚከፈል ነገር |
| በወረቀት ምርጫ | ግማሽ ሰዓት | በአብዛኛው | ቁጥሩ እንጂ ምክንያቱ አይሰማም | አያግድም | የሰው ምርጫ |
| ሁለት ሦስተኛ | ደቂቃዎች፣ ሰው ከሞላ | ከእጅ ማውጣት ይሻላል | አይሰማም | አያግድም | ደንብ፣ መዋጮ መጨመር |
| ሙሉ ድምፅ | አይታወቅም | አዎ፣ ካለቀ | አንዳንዴ | ያግዳል | ሁለት ሦስት ሸሪክ |
| መግባባት | ከሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ስብሰባ | አዎ | ከተጠየቀ | በምክንያት ብቻ | ሁሉም የሚያዋጣበት፣ የማይመለስ ነገር |
| ለሙከራ ይለፍ | እስከ አንድ ሰዓት | አዎ | ከተጠየቀ | በምክንያት ብቻ | ሊሞከር የሚችል ሁሉ |
| ኮሚቴ | የለም | ጣሪያ ካለው | አይሰማም | አያግድም | አስቸኳይ ጥገና |
| ዕጣ | ደቂቃዎች | አዎ | አያስፈልገውም | አያግድም | እኩል ድርሻ |

እናንተስ የቱ ይሻላችኋል?

ከአሥራ አምስት ሰው በታች ከሆናችሁ፣ የጓደኛ ማኅበር ወይም ትንሽ እቁብ፣ "ለሙከራ ይለፍ" ይበቃችኋል። ደንብ አታብዙ።

ከሠላሳ እስከ ሰማንያ ቤት ያለው ብሎክ ሁለቱን ይቀላቅል። መዋጮ የሚያስከትል ነገር በመግባባት፣ የቀረው በእጅ። ከስብሰባው አንድ ሳምንት በፊት አጀንዳው በር ላይ ይለጠፍ፣ ኮሚቴው ደግሞ የማይናገሩትን ሰዎች ቤታቸው ሄዶ ያነጋግር። የስብሰባው ግማሽ ሥራ እዚያ ያልቃል። ተከራዮችንም ጥሩ። ባለቤቱ ዱባይ ነው፣ ውሃውን የሚጠጣው ተከራዩ ነው።

ከመቶ በላይ አባል ያለው እድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ መግባባትን ባይሞክረው ይሻላል። መንደሩን በአምስት በስድስት ከፍላችሁ በየሰፈሩ ተነጋገሩ፣ ቅሬታው በጽሑፍ ይምጣ፣ ኮሚቴው ሐሳቡን አስተካክሎ ጉባኤው በሁለት ሦስተኛ ያጽድቀው።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ሰዓታችሁ ውድ ነው። አዳራሹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ ግማሹ ሰው በዙም ነው። ክርክሩን በሁለት ማታ በዙም ጨርሱት። አዳራሽ ስትመጡ የተስተካከለው ሐሳብ ይነበብ፣ የቀረ ተቃውሞ ካለ ይሰማ፣ ይለቅ። እንጀራውም ሳይቀዘቅዝ ይበላል።

መግባባትን ለመረጠ ሰብሳቢ

ታላቅ በመጨረሻ ይናገር። ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነው። ሽማግሌው መጀመሪያ ከተናገሩ ስብሰባው አለቀ።

በመሀል የጣት መለኪያ ተጠቀሙ። ሁሉም በአንድ ጊዜ እጁን ያንሣ፦ አምስት ጣት በጣም እደግፋለሁ፣ ሦስት ይሁን፣ አንድ ከባድ ቅሬታ አለኝ፣ የተጨበጠ እጅ ግን አይለፍ። ቁጥር አትመዝግቡ። አንድ ጣት ወይም የተጨበጠ እጅ ያሳየውን ብቻ "ምን ቢስተካከል ሦስት ታደርገዋለህ?" በሉት። መልስ ያለው ይናገራል። መልስ የሌለው ጣቱን ራሱ ይጨምራል።

ቃለ ጉባኤው እዚያው ይጻፍ፣ እዚያው ይነበብ። ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያለ ድምፅ ቆጠራ የሚወስኑት እንዲህ ነው። ጸሐፊው የደረሱበትን በአንድ አንቀጽ ጽፎ ያነባል፣ "ይህ ነው?" ይላል። አይደለም ከተባለ ይስተካከላል። በሳምንቱ "እኔ እንዲህ አላልኩም" የሚል ሰው አይኖርም።

መውጫ በርም ይኑራችሁ። እዚሁ አዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ ኅብረት መመሥረቻ ሕጉ ላይ መሪዎቹ በመግባባት ይወስኑ፣ ካልሆነ በሁለት ሦስተኛ ይላል። የሥነ ሥርዓት ጥያቄ ሲሆን ደግሞ በተራ አብላጫ። መውጫ በር ያለው ስብሰባ ውስጥ እልኸኛ ሰው ይለዝባል።

ደንባችሁ ላይ ለመጨመር የእኛን ላውሳችሁ፦

"አባላት የሚያዋጡበት ጉዳይ በመግባባት ይወሰናል። ተቃዋሚ አባል ጉዳቱንና ማስተካከያውን ይናገራል፤ ዝምታ እንደ ስምምነት አይቆጠርም፣ ሰብሳቢው በስም ይጠይቃል። በሁለት ስብሰባ መግባባት ካልተደረሰ በስብሰባው ከተገኙት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወሰናል።"

"በስም ይጠይቃል" የሚለውን ያስገቡት የግራውንዷ እትዬ ናቸው።